«ሦስት ሰዓት» የቱ ሦስት ሰዓት ነው? ስለ ሲሲኤንኤ ፈተና ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ኔትወርክ የሙያ ማረጋገጫ ፈተናዎች ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን ብለን ነበር። ከመጡት ውስጥ አብዛኞቹ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ ስለሚሰጠው፣ ሲሲኤንኤ ስለተባለው ፈተና ናቸው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ የረዘሙትን አሳጥረን እነሆ። ሰው የሚወድቀው የማያውቀው ነገር ሲመጣበት ብቻ ይመስለዋል። የብዙዎቻችሁን ደብዳቤ ስናነብ ግን ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ አንዱ ከፈተናው በር በፊት ባለው ወረቀት፣ ሌላው የሚታወቀውን ነገር ቶሎ መሥራት አለመቻል። መልሶቻችንም ወደዚያው ያደላሉ።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቀጥታ ሲሲኤንኤ ልፈተን ወይስ በኔትወርክ ፕላስ ልጀምር? የሁዋዌው ይሻላል የሚሉኝም አሉ። (ከስድስት ኪሎ)

ዳታ ኮሙኒኬሽን ወይም ኮምፒውተር ኔትወርክ የሚባለውን ኮርስ ጨርሰሽ ከሆነ በቀጥታ ሲሲኤንኤ ግቢ። ቅድመ ሁኔታ የለውም፣ ዲግሪም የሥራ ልምድም አይጠይቅም። የኮምፕቲያው ኔትወርክ ፕላስ 90 ደቂቃ ነው፤ ቢበዛ 90 ጥያቄ ይቀርባል፣ ከ100 እስከ 900 ባለው መለኪያ 720 ያመጣ ያልፋል። ጥሩ ፈተና ነው፤ ግን የማንንም ኩባንያ ዕቃ ለይቶ አያስተምርም። አንድ የቢሮ ኃላፊ ስዊች (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በገመድ የሚያገናኘውን ዕቃ) ፊት አስቀምጦ «ቪላን ሥሪልኝ» (አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ ክፍሎች ለይልኝ) ቢልሽ የሚያድንሽ ሲሲኤንኤ ነው። ለሁለቱም ከፍለሽ ከምትጨርሺ ገንዘቡን ለአንዱ አስቀምጪው።

የሁዋዌው ኤችሲአይኤ ዳታኮም 90 ደቂቃ ሲሆን ከ1000 600 ማምጣት ይበቃል። ኢትዮ ቴሌኮም የማስፋፊያ ሥራውን በዋናነት ለሁዋዌና ለዜድቲኢ የሰጠ በመሆኑ፣ ዓይንሽ ቴሌኮም ላይ ከሆነ ሁዋዌ ማወቅ ከንቱ አይሆንም። ሐሳቡ አንድ ነው፣ የሚለየው ትእዛዙ ነው። ሲስኮ ላይ «ሾው» የሚባለው እዚያ «ዲስፕሌይ» ነው። ሲስኮ ላይ ትእዛዝ ለመሰረዝ ፊቱ ላይ «ኖ» ይጻፋል፣ ሁዋዌ ላይ «አንዱ» (የእኛው «አንዱ» አይደለም፣ የእንግሊዝኛው ነው)። ሲሲኤንኤ ያለፈ ሰው በጥቂት ሳምንታት ወደ ሁዋዌ ይሻገራል።

ስትመዘገቢ የፈተናውን ቁጥር እይ፦ 200-301። ሲስኮ ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ ሌሎች ሁለት ፈተናዎቹንም «ሲሲኤንኤ ኦቶሜሽን» እና «ሲሲኤንኤ ሳይበርሴኩሪቲ» በሚል ስም ስለሚጠራቸው፣ ስሙን ብቻ አይቶ የሚከፍል ሰው ሌላ ፈተና ሊገዛ ይችላል።

300 ዶላር እንዴት ነው የሚከፈለው? ቴሌግራም ላይ ቫውቸር በግማሽ ዋጋ የሚሸጡ አሉ፣ ልመናቸው? (ከካዛንቺስ)

አይመኗቸው። የፈተናው መደበኛ ዋጋ 300 ዶላር ነው፣ እንደየአገሩ ታክስ ሊጨመርበት ይችላል። ክፍያው ፒርሰን ቪዩ በተባለው ፈታኝ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ በዓለም አቀፍ ካርድ ወይም በቫውቸር ይፈጸማል። ቫውቸር ማለት አስቀድሞ የተከፈለበት የኮድ ቁጥር ነው። በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ቫውቸር መጀመሪያ ሲያስገቡት ይቀበላል፣ ቀጠሮም ይሰጣል። የካርዱ ባለቤት ሲያመለክት ግን ኮዱ ይሰረዛል፣ ተፈትነው ከሆነም ውጤቱ አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። የሸጠልዎት ሰው በዚያ ጊዜ የቴሌግራም ስሙን ቀይሯል።

ሕጋዊው የቅናሽ መንገድ የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ነው። በአካዳሚው የሚማሩ ሰዎች ሦስቱን የሲሲኤንኤ ኮርሶች ጨርሰው የመጨረሻውን ፈተና በሚፈለገው ውጤት ሲያልፉ የቅናሽ ቫውቸር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ማሠልጠኛ ሲመርጡ «የምታስተምሩት በአካዳሚው መለያ ተመዝግበን ነው ወይስ በራሳችሁ ስላይድ ብቻ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ ቅናሹ የለም። በራስዎ ካርድ የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ለውጭ የኢንተርኔት ግዢ ክፍት መሆኑንና ጣሪያው ስንት እንደሆነ ባንክዎን አስቀድመው ይጠይቁ። ካርዱ ላይ የዓለም አቀፍ ካርድ ምልክት ስላለ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም።

ቫውቸር የመጠቀሚያ ጊዜ አለው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እስከዚያ ቀን ድረስ መመዝገብ አይበቃም፣ መፈተን ያስፈልጋል። ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ በአሜሪካ አጻጻፍ ከሆነ ደግሞ ወሩ ይቀድማል። 09/10/2026 የሚል ቫውቸር ሴፕቴምበር 10 ማለት ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 2018። ኦክቶበር 9 ነው ብሎ ያነበበ ሰው እስከ መስከረም 29 ቀን 2019 ጊዜ አለኝ ብሎ ይቀመጣል፣ አዲስ ዓመትን ሲያከብር ቫውቸሩ ሞቷል።

ስሜ በፓስፖርቴና በመሥሪያ ቤት መታወቂያዬ ላይ የተለያየ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አለው። ችግር ይሆናል? (ከፒያሳ)

ይሆናል። «ጸጋዬ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው «ቲ» እና «ዜድ» ይጽፍበታል፣ መጨረሻው ላይ «ኢ» የሚጨምርም የሚተውም አለ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለፈታኙ ግን ሁለት ሰው ነው። በር ላይ ይመልስዎታል፣ የገንዘብ ተመላሽም የለም።

ይህን ያድርጉ። በሲስኮ ድረ ገጽ መለያ ከመክፈትዎ በፊት ፓስፖርትዎን ፊትዎ ያስቀምጡ። «ሰርኔም» በሚለው መስመር ያለውን «ላስት ኔም» ላይ፣ «ጊቭን ኔምስ» በሚለው ያለውን «ፈርስት ኔም» ላይ ፊደል በፊደል ይቅዱ። የአባት ስም የት ይግባ፣ የአያትስ ብለው በራስዎ አይወስኑ፤ ፓስፖርቱ ወስኖልዎታል። ፓስፖርቱ ፎቶና ፊርማ ስላለው እንደ ዋና መታወቂያ ያገለግላል። ለሲስኮ ፈተና ሁለተኛ መታወቂያም ይዘው ይሂዱ፣ ስምዎና ፊርማዎ ወይም ስምዎና ፎቶዎ ያለበት። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ መታወቂያ አይጠቅምም። የባንክ ካርድ ላይ ስም ማሳጠር የተለመደ ስለሆነ እሱንም አይተው ይያዙ። ስህተት ካገኙ ከቀጠሮው ቀናት በፊት ለደንበኞች አገልግሎት ጽፈው ያስተካክሉ፤ በር ላይ ማስተካከል የለም።

ከስሙ ጋር የሚሄደው ሰዓቱ ነው። ማረጋገጫው ኢሜይል ላይ 3፡00 ፒኤም የሚለውን ጠዋት 3 ሰዓት ነው ብሎ የመጣ ሰው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ደርሷል፤ ሻይ ጠጥቶ፣ ምሳ በልቶ ይመለሳል። 9፡00 ኤኤም የሚለውን «9 ሰዓት» ብሎ ከምሳ በኋላ የመጣው ግን ስድስት ሰዓት ዘግይቷል፣ 300 ዶላሩ አልቋል። ኢሜይሉን እንዳገኙ ቀኑንም ሰዓቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጠው ወረቀት ላይ ይጻፉና ለአንድ ሌላ ሰው ያሳዩ። ቀጠሮ መለወጥ ከፈለጉ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቀድመው ይለውጡ። መስከረም 16 የደመራ ዕለት በመስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ ጥር 10 የከተራ ዕለት ወደ ጃን ሜዳ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ለማለፍ የሚያስገድድ ቀጠሮ አይያዙ። ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይበቃል፤ የዘገየ ሰው ላይገባ ይችላል።

ቤት ሆኜ በኢንተርኔት መፈተን ወይስ ማዕከል መሄድ? (ከእስጢፋኖስ)

ማዕከል። አማራጭ ካለዎት ሁለቴ አያስቡበት።

የቤቱ ፈተና በካሜራ ይጠበቃል። ክፍሉ ውስጥ ብቻዎን መሆን አለብዎት፣ ስልክ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል፣ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፣ የክፍሉን አራት ማዕዘን ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ጥያቄውን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ራሱ ማስጠንቀቂያ ያመጣል። አክስትዎ «ቡና ደርሷል» ብለው በሩን ቢከፍቱ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። ረቂቅ ወረቀትም አይፈቀድም፤ ስክሪኑ ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ በማውስ ይጽፋሉ። ሰብኔት (ኔትወርክን ወደ ትናንሽ ክፍሎች የመከፋፈል ስሌት) በማውስ መሥራት ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ሞክረው ይዩት።

መብራት ሌላው ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዋይፋዩ ግን የለውም። የፋይበር መስመር ካለዎት ደግሞ መብራት የሚፈልጉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፦ ፋይበሩ የሚገባበትና ዋይፋይ የሚሰጠው፤ አንዳንዱ ቤት አንድ ላይ ነው። የግድ ከቤት ከሆነ ለራውተር የሚሠራውን ትንሹን ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ ይግዙ። ግን መጀመሪያ የራውተርዎ አስማሚ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ያንብቡ፤ ባለ 9 ቮልት ራውተርን ባለ 12 ቮልት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። ሙሉ ቻርጅ አድርገው ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት መብራቱን አጥፍተው ለሦስት ሰዓት ይሞክሩት። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ አይጠቀሙ፤ ቪፒኤኑና ጥበቃው ከፈተናው ሶፍትዌር ጋር ይጋጫሉ።

ሰብኔቲንግ ይገባኛል ግን ቀርፋፋ ነኝ። አንዱን ለመሥራት አራት አምስት ደቂቃ ይፈጅብኛል። (ከአራት ኪሎ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከመጡት ሁሉ የወደድነው ይህን ነው። ፈተናው 120 ደቂቃ ነው፣ ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም የዘለለ ጊዜ የለም። ላብ የሚባሉት፣ ትእዛዝ እየጻፉ የሚሠሩት ጥያቄዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ብዙ ደቂቃ ይበላሉ። ሲስኮ ወደ ኋላ መመለስ አይፈቅድም፤ «ቀጥል» ካሉ ጥያቄው ሄዷል። ስለዚህ ሰብኔት ከ40 ሰከንድ በታች መውረድ አለበት። የሚያዘገይዎት ሁሉንም ወደ ባይነሪ (ወደ 0 እና 1) መለወጥዎ ነው። ይተዉት።

ማዕከል ውስጥ የሚጠረግ ሰሌዳና እስክሪብቶ ይሰጥዎታል። ፈተናው እንደጀመረ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሁለት መስመር ይጻፉ። ከላይ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ከሥሩ 128፣ 192፣ 224፣ 240፣ 248፣ 252፣ 254፣ 255። የላይኛው መስመር ዝላይ ነው (ከአንዱ ኔትወርክ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት)፣ የታችኛው ማስክ (የአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚለየው ቁጥር)።

አሁን 172.16.45.200/21 መጣ እንበል። /21 ማለት ከአድራሻው 21 ቢት የኔትወርኩ ነው ማለት ነው፤ በነጥብ የተለየው እያንዳንዱ ቁጥር ኦክቴት ይባላል፣ 8 ቢት ነው። 16 ቢት ሁለቱን ኦክቴት ይሞላል፣ 5 ይተርፋል፤ ስለዚህ ሥራው ሦስተኛው ኦክቴት ላይ ነው። አምስተኛዋን አምድ ይዩ፦ ዝላይ 8፣ ማስክ 248። ሦስተኛው ኦክቴት በ8 በ8 ይሄዳል፦ 32፣ 40፣ 48። 45 የሚወድቀው በ40 እና በ48 መካከል ነው። ኔትወርኩ 172.16.40.0፣ የሚቀጥለው 172.16.48.0፣ ስለዚህ ብሮድካስቱ (ለሁሉም በአንዴ የሚላክበት የመጨረሻው አድራሻ) ከዚያ በአንድ የሚያንሰው 172.16.47.255። ለኮምፒውተር የሚሰጠው ከ172.16.40.1 እስከ 172.16.47.254 ነው። አራተኛው ኦክቴት ላይ ያለውን 200 አልነካነውም፤ መልሱን አይለውጠውም።

ፈተናው የሚያጠምደው እዚሁ ላይ ነው። «ከሚከተሉት ለኮምፒውተር መስጠት የሚቻለው የቱ ነው?» ይልና 172.16.44.255/21 ያስቀምጣል። በ/24 የለመደ ዓይን 255 ሲያይ ብሮድካስት ነው ብሎ ያልፈዋል። ትክክለኛ የኮምፒውተር አድራሻ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ማከፋፈል ነው። 192.168.10.0/24 ተሰጥቶዎት አንድ ክፍል 60፣ ሌላው 28፣ ሦስተኛው 12 አድራሻ ይፈልጋል፣ በሁለት ራውተሮች መካከል ደግሞ 2። ከትልቁ ይጀምሩ። 60 በ/26 ይገባል (62 ይይዛል)፦ ከ.0 እስከ .63። 28 በ/27 (30 ይይዛል)፦ ከ.64 እስከ .95። 12 በ/28 (14 ይይዛል)፦ ከ.96 እስከ .111። 2 በ/30፦ ከ.112 እስከ .115። ከትንሹ ቢጀምሩስ? /28ቱን .0 ላይ ቢያስቀምጡ /26ቱ በ64 ተካፋይ በሆነ ቁጥር ብቻ ስለሚጀምር ወደ .64 ይዘላል፣ መካከሉም ይበጣጠሳል። እንደ ሻንጣ ነው፤ ብርድ ልብሱን አስቀድሞ ካልሲውን በቀዳዳው መሰግሰግ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ «30 ኮምፒውተር አለ» ሲባል /27 ልክ 30 ስለሚይዝ ብዙዎች ይመርጡታል። ጌትዌዩም (ክፍሉን ከውጭ የሚያገናኘው ራውተር) አድራሻ ይፈልጋል፣ 31 ሆነ፣ /26 ያስፈልጋል። ጥያቄው ጌትዌዩን ቆጥሮ ይሆን ሳይቆጥር ደግመው ያንብቡ።

በቀን 20 ሰብኔት በሰዓት መቆጣጠሪያ ለሦስት ሳምንት ይሥሩ። ቤት ጸጥታ ከሌለ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለእርስዎ ቅርብ ነው። ስልክዎን ካጠፉት ሁለት ሰዓት እዚያ መቀመጥ ቤት ከሚያጠኑት ምሽት ይበልጣል።

ለልምምድ ያገለገለ ስዊች ልግዛ ወይስ ፓኬት ትሬሰር ይበቃል? (ከመርካቶ)

ለፈተናው ፓኬት ትሬሰር የተባለው የሲስኮ የኔትወርክ ማስመሰያ ሶፍትዌር ይበቃል። በነፃ ነው፣ የኔትወርኪንግ አካዳሚ መለያ ከፍተው ያወርዱታል፣ ደከም ባለ ላፕቶፕም ይሠራል። ዕቃ በእጅ መንካት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስለሚጠቅም አንድ የሲስኮ 2960 ስዊች ቢገዙ አንቃወምም፤ ግን ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ መብራት ላይ ይሰኩት። ሰማያዊውን ጠፍጣፋ የኮንሶል ገመድ ከዩኤስቢ መለወጫ ጋር ይዘው ይሂዱ፣ ፍጥነቱን 9600 ያድርጉት። ተነሥቶ «ስዊች» ብሎ በሁለት ነጥብ ብቻ ቆሞ ከቀረ ፍላሹ ላይ ሶፍትዌር የለም ወይም ተበላሽቷል፤ ዋጋውን ያስቀንሱ ወይም ይተዉት። የይለፍ ቃል ቢጠይቅ ግን አያስፈራዎት፤ ፊቱ ላይ ያለችውን የሞድ ቁልፍ ተጭነው ይዘው ሲያበሩት ማለፊያ መንገድ አለ። ደግሞ 2960 በመሠረቱ የሌየር 2 (በአንድ ኔትወርክ ውስጥ የሚያስተላልፍ እንጂ በኔትወርኮች መካከል የማያሻግር) ዕቃ ነው፤ ሻጩ «ራውት ያደርጋል» ቢልዎት በዚያ ዋጋ አይጨምሩለት።

ላብ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉትን ትእዛዞች እንንገርዎት። ትራንክ (ብዙ ቪላኖች በአንድ ገመድ የሚያልፉበት መስመር) ላይ ቪላን 10 እና 20 ያልፋሉ፣ ቪላን 30 ጨምር ተባሉ። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» ብለው ከጻፉ 30 ገባ፣ 10 እና 20 ጠፉ፣ ግማሹ ቢሮ ከኔትወርክ ወጣ። ከቁጥሩ በፊት «አድ» የሚለው ቃል ያስፈልጋል። ይህ ስህተት በሥራ ቦታ ላይ ሰውን አስደንግጦ ያውቃል፤ በፈተና ግን ድምፅ ሳያሰማ ነጥብ ይወስዳል።

ፖርት ሴኩሪቲም (በአንድ ፖርት የሚሰኩትን ዕቃዎች መገደቢያው) እንደዚሁ ነው። ከፍተኛውን ቁጥር አስገቡ፣ ስቲኪ (የተሰኩትን እንዲያስታውስ) አደረጉ፣ ጥሰት ሲኖር ምን ይሁን የሚለውን ጻፉ። «ስዊችፖርት ፖርት-ሴኩሪቲ» የምትለዋን ባዶ መስመር ግን ረሱ። ያለ እሷ ሌላው ሁሉ ተጽፎ ይታያል እንጂ አይሠራም። ኤስኤስኤች (ዕቃውን ከሩቅ በምስጢር ማዘዣውን) ሲያበሩ ደግሞ የዕቃውን ስምና የዶሜይን ስም ሳይሰጡ ቁልፍ ላመንጭ ቢሉ እምቢ ይላል። ከዚያ ተጠቃሚ፣ ቪቲዋይ (ከሩቅ መግቢያ) መስመሮቹ ላይ «ሎጊን ሎካል»፣ «ትራንስፖርት ኢንፑት ኤስኤስኤች»። ጥያቄው ይቀመጥ ካለ ረኒንግ ኮንፊጉን (አሁን የሚሠራበትን) ወደ ስታርታፕ (ሲነሣ ወደሚያነበው) መገልበጥ አይርሱ።

ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። «አይፒ ኮኔክቲቪቲ» የሚለው ክፍል ላይ ዝቅተኛ ነው ያመጣሁት። ዳምፕ ልግዛ? (ከለገሃር)

ከዳምፑ እንጀምር። የተሰረቀ ጥያቄ ስብስብ ነው፤ ሲስኮ ከደረሰበት ውጤት ይሰርዛል፣ ሰውየውንም ከፈተና ያግዳል። ይህን ትተነው እንኳ ብዙዎቹ መልሶች ስህተት ናቸው። ሻጩ ጥያቄውን እንጂ መልሱን ሊሰርቅ አልቻለም።

የውጤት ወረቀትዎ ቦታውን በትክክል ጠቁሞዎታል። ስድስቱ ክፍሎች እኩል አይመዝኑም፦ የኔትወርክ መሠረት 20 በመቶ፣ ኔትወርክ አክሰስ 20፣ አይፒ ኮኔክቲቪቲ 25፣ አይፒ ሰርቪስ 10፣ ሴኩሪቲ 15፣ ኦቶሜሽን 10። እርስዎ የወደቁት ትልቁ ላይ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተል ነው። ራውተር መጀመሪያ የሚያየው ረጅሙን ፕሪፊክስ (ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር የሚበልጠውን) ነው። አድሚኒስትራቲቭ ዲስታንስ (የመንገዱ ምንጭ የመታመን ደረጃ፣ ትንሹ ቁጥር ይመረጣል) የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ያውም ሁለት ምንጮች ያንኑ ኔትወርክ በዚያው ርዝመት ሲያቀርቡ ብቻ ነው። ለ10.1.0.0/16 ስታቲክ (በእጅ የተጻፈ) መንገድ አለ፣ ለ10.1.1.0/24 ደግሞ ከኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ ከሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) የመጣ አለ። ወደ 10.1.1.5 የሚሄደው በየቱ ያልፋል? «ስታቲክ 1 ነው፣ ኦኤስፒኤፍ 110 ነው፣ ስለዚህ ስታቲክ» የሚለው መልስ ሕጉን ሸምድዶ ቦታውን የሳተ ሰው መልስ ነው። /24ቱ ይበልጣል፣ በኦኤስፒኤፍ ይሄዳል።

ኦኤስፒኤፍ ጎረቤት አልሆን ካለ በዚህ ተራ ይፈትሹ፦ የሁለቱ ጫፍ ሰብኔትና ማስክ፣ ኤሪያው፣ ሄሎና ዴድ ሰዓቱ (በኢተርኔት ላይ 10 እና 40 ሰከንድ)፣ ኢንተርፌሱ ፓሲቭ ተደርጎ እንደሆነ፣ ራውተር አይዲው የተደጋገመ እንደሆነ። ጎረቤቱ ታይቶ «ኤክስስታርት» ላይ ከተጣበቀ ኤምቲዩውን (በአንዴ የሚላከውን የፓኬት መጠን ጣሪያ) ይዩ። ዋይልድካርድ ማስክ ማስኩ የተገለበጠ መሆኑን አይርሱ፤ ለ/26 0.0.0.63 ነው።

ከወደቁበት ማግስት ጀምሮ አምስት ቀን ካለፈ መልሰው መፈተን ይችላሉ፤ አንቸኩል እንላለን። ሦስት ሳምንት ለዚህ ክፍል ብቻ ይስጡ፣ ሌላውን በሳምንት አንዴ ይከልሱ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያገለገለ የሲሲኤንኤ መጽሐፍ አገኘሁ፣ ዋጋው ጥሩ ነው። (ከሜክሲኮ)

ሽፋኑን ይዩ። 200-125 ካለ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2020 በፊት የነበረው ፈተና ነው። ሰብኔቲንጉ፣ ቪላኑና ኦኤስፒኤፉ አላረጁም፤ በርካሽ ከሆነ ለዚያ ይግዙት። ኢአይጂአርፒ በተባለው ሌላ የመንገድ ፕሮቶኮል ላይ ግን ሌሊት አይጨርሱ፤ ሽቦ አልባ ኔትወርክ፣ ኦቶሜሽን ክፍል ውስጥ የሚመጡትን ጄሰን፣ ሬስት ኤፒአይና አንሲብል በበቂ አያገኙበትም። 200-301 የሚለውም ሁለት ዓይነት ነው፤ በኦገስት 2024 የመጣው 1.1 የኦቶሜሽን መሣሪያዎቹን ፐፔትንና ሼፍን አውጥቶ ቴራፎርም አስገብቷል፣ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስና ማሽን ለርኒንግም ጥቂት ጨምሯል።

ካለፍኩ በኋላ ውጤቱ መቼ ይታወቃል? ያገለግላል ለስንት ዓመት? (ከአምባሳደር)

ዝርዝር ውጤቱ በ48 ሰዓት ውስጥ በመለያዎ ይገባል። ማለፊያውን ሲስኮ ቁጥር ብሎ አያሳውቅም፤ «825 ነው» የሚሉዎት ሰዎች ከድሮ ወሬ ነው። የምስክር ወረቀቱ ሦስት ዓመት ይቆያል። ለማደስ ያንኑ ፈተና መልሰው ይፈተናሉ፣ ወይም አንድ የፕሮፌሽናል ደረጃ ፈተና ያልፋሉ፣ ወይም 30 የቀጣይ ትምህርት ነጥብ ያጠራቅማሉ። የሚያበቃበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጠው ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡት። ቀኑ ካለፈ ማደስ የለም፣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።